ከታቦር ግርጌ ያለ ስም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሰኞ ረፋድ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት እኔ በምሠራበት የባንክ መስኮት ፊት ቆሙ። ልጃቸው ከባሕር ማዶ የምትልክላቸውን ገንዘብ የሚቀበሉበት ሂሳብ ሊከፍቱ ነበር የመጡት። እኔ ከቅጹ ላይ እያነበብሁ እጠይቃለሁ፤ እርሳቸው ረጋ ብለው ይመልሳሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የልደት ዘመን፤ ሁሉም ያለ እንከን ተሞላ።

«የትውልድ ቦታዎስ አባባ?» አልኋቸው።

«አዳሬ።»

ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሶ ነበር። መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው አድራሻ ሐዋሳ ይላል፤ እኔም ቀና ብዬ እንኳ ሳላያቸው «ሐዋሳ» ብዬ ጻፍሁ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ጽሑፌን አነበቡት። አልተቆጡም። ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ስወለድ ይህች ከተማ ገና አልተወለደችም» አሉኝና ፈርመው ሄዱ።

ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ስትከተለኝ ዋለች። የባንክ ሠራተኛ ብሆንም በትርፍ ጊዜዬ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ፤ የአንድን ሰው ቃል በሌላ ቃል መተካት ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ከዚህም በላይ ነገሩ የቤቴ ነገር ነበር። አያቴ በ1952 ዓ.ም. ሐዋሳ ስትቆረቆር የቤት መሥሪያ ቦታ ከተሰጣቸው ጡረተኛ ወታደሮች አንዱ ነበሩ። እኚያ አዛውንት የተወለዱበት አዳሬ ያበቃው፣ የእኔ ቤተሰብ ታሪክ በዚህ ምድር በጀመረበት ቀን ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ በአንዲት የብዕር ጭረት፣ ያንኑ ነገር ደገምሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ታቦር ተራራ ላይ ወጣሁ። ጭንቅ ሲይዘኝ የምወጣው እዚያ ነው። በዚያን ቀን ግን አእምሮዬን ላሳርፍ አልነበረም የወጣሁት፤ ከእግሬ በታች ስንት ስም እንዳለ ልቆጥር ነበር።

* * *

ታቦር ትልቅ ተራራ አይደለም። የሰሜንን ወይም የባሌን ተራሮች ያየ ሰው «ኮረብታ» ቢለው አልቀየመውም። ነገር ግን ከአናቱ ላይ የሚታየው አገር ብዙ ነው። በምዕራብ ሐይቁ ተዘርግቷል፤ በምሥራቅ ከተማዋ በቀጥተኛ ጎዳናዎቿ ተሸንሽና ትታያለች። በደቡብ ወንድሙ አላሙራ ቆሟል። በሰሜን የኮርቤቲ ከፍታ ይታያል። ከከተማዋ ማዶ፣ በስተምሥራቅ፣ የወንዶ ገነት ተረተር እንደ ግንብ ቆሞ ሰማዩን ይገድበዋል።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ሁሉ በአንድ ትልቅ ገበታ ውስጥ እንደ ተቀመጠ አድርገህ አስበው። እውነቱም እንደዚያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅና በዙሪያው ያለው ሜዳ የተቀመጡት፣ በጥንት ዘመን ከባድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በሰመጠበት፣ ስፋቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጎድጓዳ ምድር ውስጥ ነው። የወንዶ ገነት ግንብ የዚያ ገበታ ከንፈር ነው፤ ፍል ውኃውም የዚያ እሳት ትንፋሽ ነው። ኮርቤቲ በዚሁ ገበታ ውስጥ በኋላ የተፈጠረ ሌላ ገበታ ሲሆን፣ ኡርጂና ጫቢ የተባሉትን እሳተ ገሞራዎች ታቅፏል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተደረጉ የሳተላይት ልኬቶች የኮርቤቲ ምድር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲያብጥ መኖሩን አሳይተዋል። ከሥራችን ያለው እሳት እንቅልፍ እንጂ ሞት አልወሰደውም።

ሐይቁም የራሱ ምሥጢር አለው። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ ውኃ፣ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ደንቡ ጨው መሆን ነው፤ ጎረቤቶቹ ሻላና አብጃታ እንደዚያ ናቸው። ሐዋሳ ግን ጣፋጭ ውኃ ነው፤ ውኃው ውስጥ ለውስጥ በመሬት ሥር እየሰረገ ይወጣልና። የተቀበለውን ሁሉ ይዞ ጨው ሳይሆን የሚኖርበትን መንገድ አግኝቷል። ይህን ነገር እንደ ተፈጥሮ ብቻ አድርጌ ልመለከተው አልቻልሁም።

* * *

በዚህ ምድር ላይ የመጀመሪያው የሰው እጅ የነካው ነገር ድንጋይ ነው። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅና እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ በስምጥ ሸለቋችን ሞልቷል። ከእኛ በስተሰሜን፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለው የጋደሞታ ተረተር፣ ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ የተሠሩ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የጥንቶቹን ዕድሜ ከ276,000 ዓመት በላይ መሆኑን አስታውቋል። ይህን ቁጥር ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። በባንክ ቤት ትልልቅ ቁጥሮች አያስደነግጡኝም፤ ይህ ግን ሌላ ነው።

ከወንዶ ገነት ግንብ ማዶ፣ በስተምሥራቅ ርቆ፣ የባሌ ተራሮች አሉ። እዚያ ፊንጫ ሐበራ በተባለ የዐለት ጥግ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ይመላለሱና ይኖሩ እንደ ነበር በ2011 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ገልጿል። የበረዶ ግግር በከፍታዎቹ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ቦታ፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እያደኑ፣ በእሳት እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ለመሣሪያቸውም ጥቁሩን ድንጋይ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ያመጡት ነበር። ሊቃውንት ቀድሞ ከፍተኛ ተራራ ለሰው ልጅ የመጨረሻው መድረሻ ይመስላቸው ነበር፤ ለካስ እነዚያ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ብርዱን ለምደውት ኖሯል።

ስማቸውን አናውቅም። ተራራውን ማን ብለው እንደ ጠሩት አናውቅም። ነገር ግን የእጅ ሥራቸው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በጉራጌ፣ በጋሞና በኮንሶ ቆዳ በድንጋይ መፋቂያ የሚያለሰልሱ ባለሙያዎች እስከ ዘመናችን ድረስ ቆይተዋል። በኮንሶ ደግሞ ይህን ሙያ የያዙት ሴቶች ናቸው። እንግዲህ የታችኛው ንብርብር የሞተ ንብርብር አይደለም። አንዳንዴ በጎረቤታችን እጅ ውስጥ በሕይወት ይኖራል፤ እኛ ግን አላየነውም፤ ወይም አይተን ንቀነዋል።

ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ልሻገር። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ዲላ ድረስ ለሄደ ሰው የጌዴኦ ምድር በትክል ድንጋዮቹ ይቀበለዋል። ቱቱ ፌላና ጨልባ ቱቲቲ በስም የታወቁት ናቸው። ፈረንሳዊው አባ አዛይስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ እንዲህ ያሉትን ድንጋዮች መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚጠጉ አመልክቷል፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት በአንድ ወር፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ትክል ድንጋይ የሚያቆም ሰው አንድ ነገር ይላል፤ «እዚህ ነበርን» ይላል። ከዚህ የበለጠም ያነሰም አይልም።

* * *

አሁን ወደ አዳሬ ልመለስ።

ከተማ ከመሆኑ በፊት፣ ከታቦር ግርጌ እስከ ጥቁር ውኃ የተዘረጋው ሜዳ የከብት አገር ነበር። የሲዳማ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን ያሰማሩበት ነበር፤ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ መንጋ ያው ውኃ ይጠጣ ነበር። ደጋ ደጋውን እንሰት፣ ቆላ ቆላውን ከብት፤ የሲዳማ ኑሮ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው። ዘመን የሚቆጥሩት ኮከብ በሚያነቡ «አያንቶ» በሚባሉ አዋቂዎች ነው። ሳምንታቸው ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ የሚባሉ አራት ቀናት አሏት። አዲሱ ዓመት ፊቼ ጫምባላላ ሲብት፣ በሐይቁ ዳር ባለው ጉዱማሌ ሽማግሌና ወጣት፣ ሴትና ሕፃን ይሰበሰባል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ፊቼ የሚለው ስም በየዓመቱ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ትመጣ ከነበረች ሴት እንደ ተወሰደ ይተረካል። ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ እየመጣች ጎረቤት ሁሉ ይቋደስ ነበር ይባላል። አዲስ ዓመታቸውን በአንዲት እንግዳ ስም የጠሩ ሕዝቦች ስንት ይሆኑ?

ሲዳማዎች አንድ ሌላ ቃል አላቸው፤ «አፊኒ» ይላሉ። በሸንጎ ላይ ነገር ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቅ ቃል ነው፤ «ሰማችሁ?» እንደ ማለት ነው። ሳይሰማ የተቆረጠ ነገር አይጸናም። ይህን ቃል በታቦር አናት ላይ ሆኜ ሳስታውሰው ጉንጬ ጋለ። እኔ በመስኮቴ ውስጥ የዘለልሁት ይህችን ጥያቄ ነበር። ጆሮዬ «አዳሬ»ን ሰምቷል፤ እኔ ግን አልሰማሁም።

ይሁንና ያንን ዘመን ገነት አድርጌ ልስለው አልፈልግም። የሲዳማ ትውፊት ራሱ አባቶቹን ቡሼንና ማልዴአን ከደቡብ፣ ከዳዋ ወንዝ አካባቢ እንደ መጡ አድርጎ ይተርካል። እንግዲህ እነርሱም መጪ ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ሐዲቾዎች፣ ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾዎች፣ ቀጥቃጮቹ ቱንቲቾዎች በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ሲኖሩ ለረጅም ዘመን ከጋብቻና ከእኩል ማዕድ ተገልለው ነበር። ከማንኛውም ንብርብር ሥር ሌላ ንብርብር አለ፤ ከማንኛውም የተበደለ ሰው አጠገብም ድምፁ ያልተሰማ ሌላ ሰው ይኖራል።

* * *

በ1880ዎቹ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ሲዳማን ያዘ። ከሠራዊቱ ጋር የገባር ሥርዓት መጣ፤ ገበሬው በገዛ ምድሩ ላይ ለወታደር ማርና እህል የሚያቀርብ፣ ጉልበት የሚገብር ሆነ። ከሠራዊቱ ጋር ስሞችም መጡ። በደጋው በሁላ ምድር የጦር ሰፈር ተመሠረተና «ሀገረ ሰላም» ተባለ። በ1925 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው በዳሌ ምድር አዲስ ከተማ ቆረቆሩና «ይርጋዓለም» ተባለ። ሰላምና ርጋታ! ስሙን ያወጣው ሰው በእውነት ሰላምን ይመኝ ይሆናል፤ ስሙ የተጫነበት ሰው ግን ያንን ሰላም እንዴት አድርጎ እንደ ሰማው መገመት አያዳግትም። ሁላና ዳሌ የሚሉት ስሞችም አልሞቱም፤ እስከ ዛሬ የወረዳ ስሞች ናቸው።

ግን ደግሞ ታሪክ አንድን ሰው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ጽፎ አይተወውም። ከሥርዓቱ አናት ላይ የነበሩት እኚሁ ራስ ደስታ፣ ጣልያን በመጣ ጊዜ በሲዳሞ ተራሮች ላይ እስከ መጨረሻው ተዋጉ። ይርጋዓለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ በአርቤጎና በኩል ወደ ሰሜን እየተዋጉ ሄደው፣ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አጠገብ ተይዘው ተረሸኑ። ያው ተራራ ለገባሩ የመከራ፣ ለአርበኛው የመሸሸጊያ ምድር ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን የአዳሬ ተራ ደረሰ። በ1952 ዓ.ም.፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ገዥ በነበሩት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን፣ ሐዋሳ ተቆረቆረች። ሜዳው ተለካ፣ ችካል ተተከለ፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ሰፈሩበት። በሐይቁ ዳር የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ የጠቅላይ ግዛቱ መዲናነት ከይርጋዓለም ወደዚህ ዞረ። አዲሲቱ ከተማ የሐይቁን ስም ወሰደች፤ ሐዋሳ በሲዳማ ቋንቋ «ሰፊ» ማለት ነው። የመጡት ሰዎች ግን የመጀመሪያዋን ፊደል አቅልለው «አዋሳ» አሏት፤ በካርታና በማኅተም ላይ ለዐሥርት ዓመታት እንደዚያው ቆየች። የተነጠቀችዋ ፊደል የተመለሰችው በቅርቡ ነው። አዳሬ የሚለው ስም ደግሞ ዛሬ በከተማዋ ሆስፒታል ላይ ይነበባል። ታማሚ ሁሉ በየቀኑ ይጠራዋል፤ ምን እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አያቴ ተወላጅነታቸው ጋይንት ነው። ከተሰጣቸው ቦታ ላይ ቤት ሠሩ፣ ዛፍ ተከሉ፣ ልጆች ወለዱ። እስከ ሞቱ ድረስ አንድ ጠብ ነበራቸው፤ ከግቢያቸው ጋር። በየክረምቱ ውኃ ይተኛበታል። በየዓመቱ አፈር በጋሪ እያስመጡ ያስደለድሉታል፤ በየዓመቱ ውኃው ይመለሳል። «ይህ መሬት አልወደደኝም» ይሉ ነበር።

* * *

እስከ አሁን የታቦርን ስም ራሱን አላነሣሁም። አላሙራ የነባር ስሙን እንደ ያዘ ሲኖር፣ ታቦር ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ይጠራል። ስሙ ሩቅ መንገድ የመጣ ነው። መነሻው በገሊላ ያለ፣ ከስድስት መቶ ሜትር የማይበልጥ ተራራ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ዲቦራና ባርቅ ሠራዊት የሰበሰቡት እዚያ ነው። ወንጌላውያኑ ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ተራራ በስም አልጠሩትም፤ ታቦር ነው ያለው ከእነርሱ በኋላ የመጣ ትውፊት ነው። እንግዲህ የገሊላው ታቦር ራሱ ታላቁን ክብሩን ያገኘው በኋላ ከተጻፈለት ስም ነው።

ከዚያ ስሙ ወደ አገራችን ገባ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ዕለት ጅራፍ የሚያጮኸውና ሙልሙል የሚቀበለው ልጅ ሁሉ ደብረ ታቦርን ያውቃል። በበጌምድርም ደብረ ታቦር የምትባል ከተማ ተቆርቁራ፣ የየጁ መሳፍንትና በኋላም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተቀመጡባት። ሐዋሳ የተቆረቆረችበት ዘመን ገዥ ራስ መንገሻ ሥዩም የእኚሁ ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። የአያቴ የጋይንት ሰዎች ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወጡ ነበሩ። አያቴ ማለዳ በራቸው ላይ ቆመው ይህን ተራራ ሲያዩ «ታቦር» የሚለው ስም ወደ ልጅነት አገራቸው ይመልሳቸው እንደ ነበር አስባለሁ። ሰው የሄደበትን አገር በሚያውቀው ስም ሲጠራ ሁልጊዜ ለመንጠቅ አይደለም፤ አንዳንዴ ናፍቆት ነው። የናፍቆት ስም ግን ከሥሩ ያለውን ስም ሲሸፍን፣ ለተሸፈነበት ሰው ያው መነጠቅ ነው። ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ከባድ ነው። ታቦር ግን ይዞታል።

እኛ አልያዝነውም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በከተማዋ ጫፍ በሎቄ፣ የሐዋሳን የወደፊት አስተዳደር በተመለከተ ሰላማዊ ሰልፍ በወጡ ሲዳማዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ብዙዎች ሞቱ። በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በጫምባላላ ሰሞን፣ በከተማችን ሰው በሰው ላይ ተነሣ፤ ሕይወት ጠፋ፣ በተለይም ወላይታ የሆኑ ብዙ ጎረቤቶቻችን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 98.5 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሲዳማ ክልል እንዲሆን ወሰነ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ክልሉ በይፋ ተመሠረተ። በዚያ የኅዳር ማለዳ ሰልፉን አይቻለሁ፤ ዘንግ የያዙ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ቆመው ነበር። ለመሰማት የቆመ ሰው ፊት እንዴት እንደሚያበራ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በዚያው ልክ፣ «እኔስ ነገ የየት ነኝ?» እያለ በመስኮት የሚያይ ሰው እንደ ነበረም አውቃለሁ፤ አንዳንዴ እኔ ነበርሁ።

ጠባችን ሁሉ የአንድ ስሕተት ሁለት ፊት ይመስለኛል። አንዱ ከላይ ያለውን ንብርብር ብቻ ይቆጥራል፤ «ከተማዋን ያቀናነው እኛ ነን፤ በፊት ባዶ ሜዳ ነበር» ይላል። ሌላው ከታች ያለውን ብቻ ይቆጥራል፤ «ከላይ ያለው ሁሉ ይፋቅ» ይላል። ሁለቱም ያው ላጲስ ነው የያዙት።

በእኛ ሙያ ላጲስ የለም። ባንክ ቤት የገባ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ እንደሌለው ነው። በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ብታሰፍር አትፍቀውም፤ የቀድሞው እንዳለ ይቀመጥና ከሥሩ ማስተካከያ ትጽፋለህ። መዝገቡን ያየ ሰው ስሕተቱንም እርማቱንም፣ ቀኑንም ፊርማውንም አብሮ ያነባል። መዝገቡ የሚታመነው እንከን ስለሌለበት ሳይሆን፣ እንከኑን ስላልሸሸገ ነው። ምነው ታሪካችንንም እንዲህ በጻፍነው!

* * *

ባለፈው ዓመት አዛውንቱ ተመልሰው መጡ። የፋይዳ ቁጥራቸውን ከሂሳባቸው ጋር ለማያያዝ ነበር። እኔ አወቅኋቸው፤ እርሳቸው አላወቁኝም። ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር ሰልፍ አልነበረም።

«አባባ፣ ባለፈው ጊዜ የትውልድ ቦታዎን አበላሽቼብዎታለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። «አዳሬ ነበር ያሉኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ችካል የሚተክሉት ሰዎች ሲመጡ የስምንት ዓመት ልጅ እንደ ነበሩ፣ ችካሎቹን ማታ ማታ እየነቀሉ ለማገዶ እንደ ወሰዷቸው፣ ኋላ አባታቸው ከብቱን ይዘው ወደ ቱላ በኩል እንደ ሄዱ ነገሩኝ። እኔም መደበቅ አልፈለግሁም።

«የእኔ አያት ያኔ ቦታ ከተሰጣቸው ወታደሮች ነበሩ» አልኋቸው።

«የት ላይ?»

ሰፈሩን ነገርኋቸው። አዛውንቱ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡና ሣቁ።

«እዚያማ ጎድጓዳ ነበር! ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ጥጆቻችን እየገቡ ጭቃ ይይዛቸው ነበር። ሰው ቤት ሠራበት? ምነው ቢጠይቁን ኖሮ!»

እኔም ሣቅሁ፤ ሣቄ ግን መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር ሲያስደፉ የኖሩበት ምሥጢር፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በአንድ እረኛ ልጅ አእምሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አያቴ ሞተው አልፈዋል፤ ከአዳሬ ልጆች አንዱን ሳይጠይቁ። መሬቱ አልጠላቸውም ነበር። ስሙን የሚያውቅ ሰው ነበረው እንጂ።

የመረጃ ማሻሻያውን ቅጽ አወጣሁ። «ሐዋሳ»ን አልሰረዝሁትም። ከአጠገቡ «አዳሬ» ብዬ ጨመርሁና ቀኑን ጽፌ ፈረምሁበት። አዛውንቱ እንደ በፊቱ ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«አሁን ሰማህ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ታቦር ላይ ወጥቼ እነዚህን ስንኞች ጻፍሁ፤ አንባቢ ሆይ፣ ለአንተም እነሆ።

አንዱ አዳሬ አለሽ፣ አንዱ ሐዋሳ አለሽ፤
ለጠራሽ ሁሉ ነው፣ አቤት ብለሽ የወጣሽ።
ከላይ የተጻፈው፣ ከታች ያለን ላይሽር፣
ለምን እንጣላለን፣ ለአንድ እፍኝ አፈር?
ቀድሞ ለመጣ ሰው፣ ትዝታውን መልሺ፤
ኋላ ለመጣም ሰው፣ ጥላሽን አትንሺ።
እኔም የብዕሬን፣ ጥፋት አርሜያለሁ፤
ከስምሽ አጠገብ፣ ስምሽን ጽፌያለሁ።